አልጋው ባዶ አይሁን

እማዬ ስልክ ስትደውል «ደህና ነሽ?» ሳትል ከጀመረች ነገር አለ ማለት ነው። ያን ቀን ከክፍል ወጥቼ የዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ ቆሜ ነበር። «እትዬ ደብሪቱ አረፉ» አለችኝ። ከዚያ ሰው እንዳይሰማት የፈራች ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሜሮን ካላልኳቸው ውኃ እንኳን አልቀበል አሉኝ እኮ፤ እስከ መጨረሻው» አለች።

ሜሮን እኔ ነኝ።

እትዬ ደብሪቱ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ አራተኛ ፎቅ በምንኖርበት ሕንፃ፣ ግራውንድ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። መካኒሳ የነበረው ቤታቸው ሲፈርስ ነው እዚህ የገቡት። ባል የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም። ሥራቸው አራስ መጠበቅ ነበር። ማዋለድ አላልኩም፤ ማዋለዱን ሐኪም ቤት ይጨርሰዋል። እሳቸው የሚመጡት ከዚያ በኋላ፣ እልልታው አልቆ ጠያቂው ወደየቤቱ ሲገባ፣ ባል ሥራ ሲሄድ፣ እናት ገበያ ስትወጣ፣ አራሷ ብቻዋን እንዳትሆን ነው። «አራስና ሬሳ ብቻውን አይተውም» ይሉ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጣቸው ሁልጊዜ ያናድደኝ ነበር።

ረጅም፣ ደረቅ ያሉ ሴት ናቸው። አንድ እግራቸውን ስለሚጎትቱ ነጠላ ጫማቸው ደረጃው ላይ አንዴ ጠብ ይላል፣ አንዴ ይሸረተታል፤ ከሩቅ ይታወቃሉ። ወገባቸው ላይ በጨርቅ ቀበቶ መቀስ አንጠልጥለው ነው የሚዞሩት፣ ብረት ከአራስ አጠገብ አይጠፋም ብለው። ቤት ሲገቡ በሩን ከፍተው ቶሎ አይገቡም። ጎናቸውን ሰጥተው ትንሽ ይቆማሉ፣ አንድ ሰው መጀመሪያ እንዲወጣ ቦታ የሚለቁ ይመስል። ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ ደረጃው ላይ አስቀምጠው ያስጠብቃሉ፤ «ተከትሏችሁ የመጣው ይለፍ» ይላሉ። ኬክ ይዘው የመጡ የከበሩ ሰዎች ሲሚንቶ ላይ ተደርድረው ሲቀመጡ አይቼ ስቄ አላባራም። ምን እንደሚከተል ሲጠየቁ «ያቺ» ብቻ ነው የሚሉት። «ስሟን አልጠራም፤ እሷም የኔን እንዳትጠራ።»

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ባዮሎጂ ነፍሴ ነው። ለቡ መብራት ኃይል የሚኖረው ናሆም ደግሞ ሌላው ነፍሴ ነበር። አንድ ክፍል ነን። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠን እስከ መካኒሳ ሄደን፣ ሳንወርድ በዚያው እንመለስ ነበር፤ ረዳቱ «እናንተ ልጆች ቤት የላችሁም?» ይለናል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ልንሞላ፣ እኔ ፋርማሲ እሱ አርክቴክቸር ልንማር ተስማምተናል። ከዚያ አረገዝኩ። በዩኒፎርም ሹራብ የተሸፈነው ያህል ተሸፈነ፣ የቀረውን ሰፈሩ ሸፈነልኝ ልበል? ሰፈር መቼ ይሸፍናል። የናሆም መልእክት እያጠረ መጣ። መጀመሪያ «ሜሪዬ» ነበርኩ፣ ከዚያ «ሜሪ»፣ ከወለድኩ በኋላ «እንዴት ናችሁ» ብቻ ሆነ። እናቱ ስልኬን ማንሳት አቆሙ። የከባድ መኪና ሾፌር የሆነው አባቴም መንገዱን አስረዘመው።

ከሐኪም ቤት በተመለስኩ ቀን ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፣ ዓይኑ ግን የልጅቷን አባት ይፈልጋል። እትዬ ደብሪቱ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆመው አሳለፉ፣ ገቡ፣ እኔንም ልጄን ሶልያናንም አዩን። «ልጅ የወለደች ልጅ ሁለት ልጅ ናት» አሉ ለእማዬ፣ «ሁለቱንም ማቀፍ ነው።» ያን ሁሉ ወር ያላለቀስኩትን ያን ጊዜ አለቀስኩ። እሳቸውም መቀሱን ከትራሴ ሥር አስገቡ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ነው። መብራት ጠፍቷል። ሠራተኛው ሥራ፣ ተማሪው ትምህርት ቤት ሄዶ ሕንፃው ጭር ብሏል፤ እማዬም የለችም። ሶልያና ጡቴን እንደያዘች አሸልባለች፣ እትዬ ደብሪቱ በሩ አጠገብ ምስር ይለቅማሉ። «ሜሮን» አለ አንድ ድምፅ ከደረጃው። ናሆም ነው። ስሜን ሲጠራ መሀሉን ያስረዝመዋል፣ እንደሱ አድርጎ የሚጠራኝ የለም። «መጣ!» ብዬ ልነሳ ስል የእጄን አንጓ ተያዝኩ። እትዬ ደብሪቱ ከበሩ ተነስተው አልጋው ጋ መቼ እንደደረሱ አላየሁም።

«ሦስተኛውን ጠብቂ» አሉኝ።

«ናሆም ነው እኮ፣ እትዬ! ልቀቁኝ!»

«ሰው ሦስት ጊዜ ይጠራል። ያቺ ከሁለት አታልፍም። የራሷ ድምፅ የላትም፣ የናፈቅሽውን ሰው ትዋሳለች።»

«ሜሮን» አለ እንደገና፣ አሁን በራችን ላይ። ጠበቅን። ሦስተኛው አልመጣም፣ የሚወርድ እግርም አልተሰማም። «አባረሩብኝ» ብዬ ተንሰቀሰቅሁ። እሳቸው በሩን ከፍተው ጎናቸውን ሰጥተው ቆሙ፣ ከዚያ ዘግተው ወደ ምስራቸው ተመለሱ። እውነቱን ልናገር፣ ብናደድም ያን ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር። እንግዲህ መጥቶ ነበር እያልኩ ለራሴ እነግረው ነበር።

የፈተናው ጥሪ የመጣው ሶልያና ክርስትና ሳትነሳ ነው። እንደምታውቁት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ እዚያው አድሮ ነው። አውቶቡስ ይመጣል፣ ስልክ አይያዝም፣ እስኪያልቅ መውጣት የለም። እማዬ ሰማይ ተደፋብኝ አለች።

«ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ? አራስ ከቤት ወጥታ ታድራለች? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያለውን ብሎ ጨርሷል» አልኳት።

«ለከርሞ ትፈተኛለሽ። ፈተናው የት ይሄዳል?»

ፈተናውማ የትም አይሄድም፤ የምቀረው እኔ ነኝ። ለከርሞ የተባለች ልጅ ሕንፃችን ውስጥ አልጠፋችም። አንዷ በረንዳዋ ላይ ዳይፐር ታሰጣለች፣ ሌላዋ ሱቅ ትቀመጣለች፣ ደብተራቸው አልጋ ሥር አቧራ ይጠጣል። ያ ዓመት ካመለጠኝ እንደማልመለስ አጥንቴ ያውቀው ነበር። እማዬ እትዬ ደብሪቱን አየቻቸው፣ እኔም አየኋቸው። ደረጃ ላይ ሰው የሚያስቀምጡ ሴት ምን እንደሚሉ ማን ይጠፋዋል?

«ትሂድ» አሉ። «አልጋው ግን ባዶ አይሁን።»

ከዚያ በርጩማቸውን ሳቡና፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሆነው ነገሩን።

«ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። መካኒሳ ያኔ ሜዳ ነው። አስተማሪ ትሆናለች ይሉኝ ነበር። ወለድኩ፤ አባትየው ዞር ብሎም አላየኝ። ሰው እንዳያየኝ ጓሮ ቤት አስተኙኝ። ቀትር ላይ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። ያን ጊዜ በሱ ድምፅ ተጠራሁ። ሦስተኛውን ማን ይጠብቃል? እኔ እኮ ያን ድምፅ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። አቤት ብዬ ወጣሁ። ፀሐይ ብቻ ነው። ስመለስ አልጋው ላይ ሴት ተኝታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ቀሚሱ የኔ ነው። ሹሩባው ጠዋት እናቴ የሠራችልኝ ነው። ልጄን አቅፋዋለች።»

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ ቦታ የለኝም። ልጄም አልቆየም፣ ትምህርቱም ቀረ። እናቴ እስክትሞት ‹ልጄ ተለወጠችብኝ› ስትል ኖረች። እውነቷን ነው። ተመልሼ አልጋዬ ገብቼ አላውቅም።»

እማዬ አማተበች። እኔ ዛሬ የጤና ተማሪ ነኝ፤ ከወለዱ በኋላ እንዲህ ለሚያደርግ ሕመም ሐኪሞች ስም እንዳላቸው ተምሬያለሁ፣ ፈተናም መጥቶልኝ መልሻለሁ። ስሙን ማወቄ ግን ያቺን ወደ ግድግዳ የዞረች ሴት ከዓይኔ አላጠፋልኝም።

የምሄድ ቀን ማለዳ እትዬ ደብሪቱ የኔን ቢጃማ ለበሱ። ሮዝ ነው፣ ድብ ያለበት፣ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ እንኳን አልደረሰም። ሻሼን አሰሩ። እማዬንም አስጠነቀቋት፤ ከዛሬ ጀምሮ ሜሮን ልትላቸው ነው።

«እንዴት አድርጌ አንቺ ልበልዎት፣ እትዬ?»

«እትዬ አትበዪኝ። ልጅሽ ነኝ።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እማዬም ሳቀች። እሳቸው ግን አልጋዬ ላይ ወጡ፣ ሶልያናን አቀፉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከበሩ ላይ ሆኜ ሳይ የተኛችው እኔ ነበርኩ። ሻሹ፣ የትከሻው አጣጣፍ፣ ልጄን የያዘችበት እጅ። «ሂጂ» አሉኝ ሳይዞሩ፤ ድምፃቸውም የአሮጊት አልመሰለኝም። ቦርሳዬን ይዤ ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ።

ፈተናውን በጡት ሕመም ነው የተፈተንኩት ብል ይቀለኛል። ጡቴ ድንጋይ ይሆናል፣ ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቼ እያለብኩ ለልጄ የተሰጠውን ወተት በውኃ አፈስሰዋለሁ። እጄ ልጄን እየፈለገ እንደምንም እስክርቢቶ ይይዛል። ናሆም እዚያው አዳራሽ፣ ከኔ ፊት ተቀምጧል፤ ማጅራቱ ላይ ያለችው ማርያም የሳመችው ምልክት ትታየኛለች። ሒሳብ በምንፈተንበት ቀን ወደ ቀትር ነው። ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። «ሜሮን» አለ ናሆም፣ ከኋላዬ፣ ከበሩ አካባቢ። የናሆም ማጅራት ፊት ለፊቴ ነው፤ አልተንቀሳቀሰም። ፈታኟም ቀና አላለችም። ሁለተኛውን ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ ወተቴ ፈስሶ ሹራቤን አረጠበው፣ እኔም ወደ ጥያቄው ተመለስኩ።

ፈተናው ሲያልቅ ናሆም ዛፍ ሥር መጥቶ ተቀመጠ። ከስቷል። ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ በእንጨት ሲፍቅ ቆየና፣ «ትመስለኛለች?» አለኝ።

«አፍንጫዋ።»

ፈገግ አለ። እኔም የልቤን አወጣሁ፣ «ያን ቀን ቀትር ላይ መጥተህ ስትጠራኝ መውጣት ፈልጌ ነበር፣ ከልክለውኝ ነው» አልኩት።

«የት መጥቼ?»

«ቤት። ደረጃው ላይ።»

«ሜሪ፣ እኔ እኮ ከወለድሽ ወዲህ ጀሞን ረግጬ አላውቅም። እናቴ ደብረ ዘይት አክስቴ ጋ ወስዳኝ እዚያ ነው የከረምኩት» አለና አፈረ። ልጁ ክፉ አልነበረም፣ ሕፃን ነበር፤ እኔ ደግሞ ሕፃን መሆን ቀርቶብኝ ነበር። አንድ ዩኒቨርሲቲ እንሙላ አለኝ። «ሶልያና የት ትተኛለች?» አልኩት። መልሶ ጫማውን አየ። ያቺ መጥራቷ አስፈርቶኛል፣ አልዋሽም። ያንገበገበኝ ግን እሱ አለመጥራቱ ነው። የምወደው ልጅ አንዴ እንኳን ያልቆመበት በር ላይ ሌላ ነገር በሱ ድምፅ ቆሞበታል።

ቤት ስደርስ እማዬ በር ላይ ቆማለች። ሶልያና ደህና ናት፣ ጉንጯ ሞልቷል። እማዬ ግን ፊቷ አመድ መስሏል። ሒሳብ በተፈተንኩበት ቀን ቀትር ላይ ወጥ ቤት ሆና ናሆም ከበሩ «ሜሮን» ሲል ሰማች። አንዴ ብቻ። ልጁ ከፈተናው ቀርቶ ነው ብላ እየተራገመች ልትከፍት ስትሄድ፣ ከመኝታ ቤት «አቤት» የሚል ሰማች። ጎልቶ፣ እንደ ልጃገረድ። በሩን ከፈተች፤ ማንም የለም። መኝታ ቤት ስትገባ እትዬ ደብሪቱ አልጋው ላይ ቁጭ ብለው ሶልያናን ለሷ ዘርግተውላታል። «ልጅቷን ያዣት፣ እኔ ተጠርቻለሁ» አሏት።

መኝታ ቤት ገብቼ እትዬ ደብሪቱ አጠገብ ቁጭ አልኩ። «እትዬ፣ ለምን አቤት አሉ? ሦስተኛው ይጠበቃል አላሉኝም?»

«አንዱን ካንቺ ዘንድ ጠርታ ነው የመጣችው» አሉ። ስለ አዳራሹ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። «እዚህ መልስ ካጣች ተመልሳ ወዳንቺ ነው። አንቺ ቦታ አለሽ። እኔ ምን አለኝና ምን ትወስድብኛለች?»

ከአልጋው ወርደው ብርድ ልብሱን ገለጡልኝ። «ግቢ፤ ሙቅ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ደብሪቱ በስማቸው ሲጠሩ አይሰሙም። «እትዬ ደብሪቱ፣ እንደምን አደሩ» ሲባሉ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ያልፋሉ። እማዬ በረንዳ ላይ ሆና «ሜሮን!» ስትል ግን ሁለት አቤት ይወጣል፤ አንዱ ከኔ፣ አንዱ ከግራውንድ። ሰፈሩ «ጃጁ» አለ። አንዳንዱም እየጠራቸው ይስቅ ነበር፤ ከአንዱ ጋር ደረጃ ላይ ተናንቄ እማዬ ናት ያላቀቀችን። አፍ አውጥተው «ስሜን ሰጥቼሻለሁ» አላሉኝም፣ ወሰዱብኝም አልልም። የኔን ስም ይዘው ቆዩልኝ፤ በሱ የሚመጣውን ሁሉ እሳቸው በር ላይ ተቀበሉት። እኔ ደግሞ በዚያ ስም ውጤት መጣልኝ፣ ፋርማሲ ደረሰኝ። ናሆም ሌላ ከተማ ነው የደረሰው፤ በዓል ሲሆን ለልጁ ጫማ ይዞ ይመጣል፣ ጫማው ሁልጊዜ ይጠባታል።

ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄድኩት ልጄን ትቼ ነው። እማዬ እንዳታለቅስብኝ ብዬ ሳልዞር ደረጃውን ወረድኩ፣ ግራውንድ ላይ ስደርስ ቆምኩ። እትዬ ደብሪቱ በራቸው ላይ ቆመዋል። ያን ሮዝ ቢጃማ ከቀሚሳቸው ሥር ለብሰውታል። «አንቺ ሂጂ» አሉኝ፤ «አልጋሽ ባዶ አይደለም።» ይኼ ሰውን ያጽናናል? እኔን አጽናናኝ። ልጄ ናፍቃኝ ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ሳለቅስ ያን ነበር የምለው።

እንግዲህ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ደረስኩ። ዘመድ ስለሌላቸው እድሩ ቤታቸውን እኔ እንድቆልፍ ቁልፉን ሰጠኝ። ቤቱ ውስጥ ፍራሹ መሬት ላይ ነው፤ አልጋ አልነበራቸውም፣ ለካ አንድም ቀን አልገዙም። ቆልፌ ወጣሁ። በማግስቱ እማዬ ታች ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ናት፣ እኔ ሶልያናን አስተኛለሁ ብዬ ላይ ቀረሁ። ልጄ አሁን አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ቀትር ነው፣ መብራትም የለም። አልጋዬ ላይ ጋደም ብለናል።

ደረጃው ላይ ጫማ ሰማሁ። አንዴ ጠብ፣ አንዴ ሸርተት።

«ሜሮን» አለ ድምፁ።

ናሆም አይደለም። የናፈቅሽውን ሰው ትዋሳለች ብለውኝ ነበር። ልቤ ማንን እንደናፈቀ ያን ጊዜ አወቅሁ፣ እንባዬም መጣ።

«እማ፣ እትዬ ጠሩሽ» አለች ሶልያና። «አቤት በያ።»

አፏን በመዳፌ ያዝኩ። «ሦስተኛውን ጠብቂ» አልኳት በጆሮዋ።

«ሜሮን።» በራችን ላይ ነው።

ጠበቅን። ሦስተኛው እንዲመጣ የዚያን ያህል የፈለግሁት ነገር የለም፤ ቢመጣ ተነስቼ እከፍት ነበር፣ ምንም ይሁን ምን። አልመጣም። የሚሄድ እግርም የለም። በሩ ሥር ባለችው ስንጥቅ ጥላ ቆሟል። እሳቸውም ቢሆኑ ያቺም ብትሆን መልሴ አንድ ነው ብዬ አሰብኩ። ልጄን አቅፌ፣ ፊቴን ከግድግዳው ወደ በሩ አዞርኩ።

«አልጋው ባዶ አይደለም» አልኩ። «እኔ ሜሮን ተኝቼበታለሁ፣ ልጄም አለች። እርስዎ ይረፉ።»

ጥላው አልሄደም። ያን ጊዜ ማንም ሰው ያን ሁሉ ዓመት በስማቸው ሦስት ጊዜ ጠርቷቸው እንደማያውቅ ትዝ አለኝ። አንዴ ጠርተን፣ አልሰሙም ብለን እናልፋለን።

«እትዬ ደብሪቱ» አልኩ። «እትዬ ደብሪቱ።» ሶልያና እጄን ጨበጠችው። «እትዬ ደብሪቱ።»

«አቤት» አሉ ከበሩ ማዶ።

ነጠላ ጫማው ቀስ ብሎ ደረጃውን ወረደ። ሶልያና «ሄዱ?» አለችኝ፣ «ሄዱ» አልኳት። ከታች የቤታቸው በር ሲከፈትና መልሶ ሲዘጋ ሁለታችንም ሰማን። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።